ጀበናው ከጓዳ፣ ሠሪዋ ከደጅ

በ1787 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው የሸክላ ፋብሪካ ባለቤት ጆሳያ ዌጅውድ እንደ ሜዳሊያ ያለች ትንሽ የሸክላ ጌጥ አወጣ። በሰንሰለት የታሰረ ጥቁር ሰው ተንበርክኮ ይታይባታል፤ ዙሪያዋ የተጻፈው ቃል «እኔስ ሰው አይደለሁምን? ወንድምስ አይደለሁምን?» ይላል። ሴቶች በአምባራቸውና በጸጉር ጌጣቸው፣ ወንዶች በሱረት ዕቃቸው ክዳን ላይ አደረጓት። የብሪታንያ ፓርላማ የባሪያ ንግድን የከለከለው ከ20 ዓመት በኋላ ነው።

በጋሞ ደጋ ገበያዎች የሚሸጠው ሸክላ ጽሑፍ የለበትም። ሴቶች ያለ መሽከርከሪያ በእጃቸው ያበጁታል፤ ሜዳ ላይ ይተኩሱታል። ጥያቄው ግን ያው የእንግሊዙ ነው።

የጋሞ ልማድ ሰውን ማላ፣ ማናና ደጋላ ብሎ ሲከፍል ኖሯል። ማላ አራሹ ነው፤ ማና ሸክላ ሠሪው፣ ደጋላ ደግሞ ቆዳ ፋቂው። ማላ ከማና አይጋባም፤ የመቃብር ቦታቸው እንኳ ይለያይ ነበር። ድስቱ ከማላው ምድጃ ላይ ይጣዳል፣ እንስራው ውኃውን ይይዛል፣ ጀበናው እንግዳ ይቀበላል። ያበጀችው ሴት ግን ከዚያው ቤት ገብታ ከማዕዱ አትቆርስም። እጇ የነካው ዕቃ ካላረከሰ እጇ እንዴት ያረክሳል? ይህን የሚመልስ እስካሁን አልተገኘም።

ነውሩ የጋሞ ብቻ አይደለም። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅ በሥራው እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ ማስነገር ያስፈለጋቸው ስድቡ በመላው አገር ስለነበረ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 25 በማኅበራዊ አመጣጥ ልዩነት ማድረግን ከልክሏል። ትምህርት ቤትና ከተማ ብዙውን አጥር አላልተውታል፤ ጋብቻ ላይ ሲደረስ ግን ዘር መቁጠሩ ይመለሳል። ሽማግሌ የሚላክበት ቤት የሕግ አንቀጽ አይጠቅስም።

ለዚህ ነው ጉዳዩ የአባቶችን ቃል የሚጠይቀው። በመስከረም 2011 በቡራዩ ወገኖቹ መገደላቸውን የሰማው የአርባ ምንጭ ወጣት ለበቀል ሲነሳ፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበረከኩ። ወጣቱም ተመለሰ። ያን ምስል ኢትዮጵያ በሙሉ አይታዋለች። በዌጅውድ ሸክላ ላይ የተንበረከከው ተበዳዩ ነበር፤ በአርባ ምንጭ የተንበረከኩት የተከበሩት ናቸው፤ ክብደቱም እዚህ ላይ ነው።

የጋሞ አባቶች ሆይ፣ ያንን ሣር አንድ ጊዜ ደግሞ ያዙልን። በማላው ደጅ ቁሙና የማና ልጅ ለልጁ እንድትዳር ለምኑት።