የታላላቅ የብረት ቧንቧዎች አቈራረጥና የመስመር ጥንቃቄ

ከታገደ ውኃ ተነሥቶ እስከ ከተማ ድረስ የሚዘረጋው ታላቁ የብረት ቧንቧ በካርታ ላይ ሲታይ አንድ ቀጭን መስመር ነው። መሬቱ ግን እንደ ካርታው አይደለም፤ ኮረብታ አለ፣ ሸለቆ አለ፣ የሰው ይዞታ አለ፣ መካነ መቃብር አለ፤ ቧንቧውም ይህን ሁሉ እየዞረ ማለፍ አለበት። እንዲህ ያለ ወፍራም ብረት እንደ ሐረግ አይጠመዘዝምና በሚዞርበት ስፍራ ጫፉ በሰያፍ ተቈርጦ ከሌላ ሰያፍ ጫፍ ጋር ይበየዳል። የሥራው መልካምነት ወይም ጉድለት የሚለየው በብየዳው ጊዜ ይመስላል፤ ነገር ግን ብየዳ በሚጀመርበት ሰዓት ነገሩ ካለቀ ቆይቷል። የሚያልቀው ሠራተኛው ጠመኔውን ይዞ በቧንቧው ላይ ባሰመረ ጊዜ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሥራ የሚያዝዙና የሚቈጣጠሩ ሹማምንት ብየዳውን ብቻ ሳይሆን አስቀድሞ መስመሩን ሊያስመረምሩ ይገባል።

ሳንቃ የሚቈርጥ አናጢ ስኳድራውን በሳንቃው ጠርዝ ላይ ያስደግፋል፤ መስመሩም ወዲያው ቀጥ ብሎ ይወጣለታል። ቧንቧ ግን ክብ ስለ ሆነ ስኳድራ የሚደገፍበት ጠርዝ፣ ማስመሪያ የሚጋደምበት ሜዳ የለውም። በሰያፍ ሲቈረጥ አፉ ሞላላ ይሆናል። የዚህን ሞላላ አፍ ጠርዝ በቧንቧው ላይ በተጠቀለለ ወረቀት ላይ ቀድተው ወረቀቱን ቢዘረጉት፣ እንደ ማዕበል ወጥቶ የሚወርድ መስመር ይታያል። ዓይኑን አምኖ የሚያሰምር ሰው፣ የብዙ ዘመን ልምድ እንኳ ቢኖረው፣ ይህን ማዕበል በትክክል ሊስለው አይችልም። በትንሽ ቧንቧ ላይ ስሕተቱ ትንሽ ነውና ይሸፈንለታል፤ በታላቁ ላይ ግን ስሕተቱ ከቧንቧው ጋር አብሮ ያድጋል።

ዕውቀቱ አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ጋስፓር ሞንዥ (በአውሮፓ አቈጣጠር 1746–1818) የጠጣር ነገሮችን ቅርጽ በወረቀት ላይ በልኩ ለማሳየት የሚያስችለውን የጂኦሜትሪ ትምህርት ሥርዓት ባበጀለት ጊዜ፣ ትምህርቱ ለምሽግ ሥራ ስለ ጠቀመ እንደ ወታደራዊ ምሥጢር ተጠብቆ ነበር። በ1795 በፓሪስ በይፋ ካስተማረው ወዲህ ግን ምሥጢርነቱ ቀረ፤ ድንጋይ ጠራቢውም፣ ቆርቆሮ ሠሪውም፣ ቧንቧ ቈራጩም የሚጠቀምበት ሆነ። አንድ መንግሥት እንደ ምሥጢር የጠበቀውን ትምህርት፣ ዛሬ ማንም ሰው በጥቂት ቀን ሊማረው ሲችል፣ በየሥራው ቦታ ተንቆ መታየቱ የሚያስደንቅ ነው።

ነገሩ በቁጥር ይበልጥ ይገለጻል። ከውጭ እስከ ውጭ 610 ሚሊሜትር ስፋት ያለው፣ በንግድ 24 ኢንች የሚባለው ቧንቧ ዙሪያው 1916 ሚሊሜትር ያህል ነው። ይህ ቧንቧ በአንድ ስፍራ 30 ዲግሪ መዞር ያለበት እንደ ሆነ ሁለቱ ጫፎች እያንዳንዳቸው በ15 ዲግሪ ይቈረጣሉ። ማዕዘኑ ለሁለቱ እኩል ካልተካፈለ ሞላላ አፎቹ መጠናቸው ይለያይና ከቶ አይገጥሙም። በረጅሙ ጎንና በአጭሩ ጎን መካከል የሚኖረው ልዩነት 610 በ0.268 ተባዝቶ የሚገኘው 163 ሚሊሜትር ነው። ሠራተኛው ዙሪያውን በ16 እኩል ክፍል ይከፍላል፤ ከአጭሩ ጎን ተነሥቶም በየክፍሉ 0፣ 6፣ 24፣ 50፣ 82፣ 113፣ 140፣ 157፣ 163 ሚሊሜትር እየለካ ነጥብ ያኖራል፤ በሌላውም ወገን እንዲሁ እየቀነሰ ይመለሳል። ነጥቦቹ ሲያያዙ መቁረጫው መስመር ይሆናሉ።

የቁጥሮቹን አካሄድ ልብ ማለት ይገባል። ሲነሡ በዝግታ፣ መካከል ላይ ሲደርሱ በፍጥነት፣ ሲጨርሱ ደግሞ በዝግታ ይሄዳሉ። በግምት የሚያሰምር ሰው ግን 163ቱን ሚሊሜትር ለ8ቱ ክፍሎች እኩል ያካፍላል፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ክፍል 6 በሚያስፈልግበት ስፍራ 20 ያኖራል። የ14 ሚሊሜትር ስሕተት ገና እሳት ሳይነካ ተፈጸመ ማለት ነው።

ልኩን በየቧንቧው ላይ ደጋግሞ ከመውሰድ ይልቅ በወፍራም ወረቀት ወይም በስስ ቆርቆሮ ላይ አንድ ጊዜ ቀርጾ መጠቅለል ይቀላል። በዚህም ቢሆን ጥንቃቄ አለበት። መጠቅለያው 1 ሚሊሜትር ውፍረት ካለው ርዝመቱ ከቧንቧው ዙሪያ በ3 ሚሊሜትር ያህል መብለጥ አለበት፤ አለዚያ ጫፎቹ አይገናኙም። ቧንቧውም በመንገድ ተጨፍልቆ ክብነቱን አጥቶ እንደ ሆነ በመዝገብ የተጻፈው ስፋት አይታመንም፤ ዙሪያው በዚያው በሚቈረጥበት ስፍራ በሜትር ይለካል።

የቤተ ክህነት ሊቃውንት ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም። ቁም ጸሐፊ ብራናውን ፍቆ ካዘጋጀ በኋላ ወዲያው ብዕሩን ከቀለም አይነክርም፤ አስቀድሞ ዳርና ዳሩን በወስፌ ይወጋል፣ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳም ቀለም የሌለው መስመር ያሰምራል፤ መጻፍ የሚጀምረው ከዚያ ወዲያ ነው። አንባቢው የወስፌውን ቀዳዳ ልብ ብሎ አያየውም፤ ዓምዱ ቀጥ ብሎ የቆመው ግን በእርሱ ነው። ይሁን እንጂ በብራና ላይ የተሳሳተ ፊደል ሊፋቅ ይችላል፤ በእሳት የተቈረጠ ብረት አይፋቅም። ፈረንሳዊው ሊቅ አንሪ ለ ሻተልዬ በ1895 ኦክሲጅንና አሲቲሊን ተዋሕደው የሚሰጡት ነበልባል ከ3000 ዲግሪ በላይ እንደሚግል ካሳየ ወዲህ ጥበቡ እየሰፋ ሄዶ፣ ቀድሞ ብዙ ድካም ይጠይቅ የነበረው የወፍራም ብረት ቈረጣ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ሆኗል። ፍጥነቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ለማሰብ ይሰጥ የነበረውን ጊዜ ጭምር ወስዶታል።

የአንድ ዲግሪ ስሕተት ምን ያደርጋል የሚል ቢኖር፣ በ610 ሚሊሜትር ቧንቧ ላይ አንዱ ጎን ሲገጥም ሌላው ጎን 11 ሚሊሜትር ያህል ተከፍቶ ይቀራል። ለመልካም ብየዳ የሚተወው ክፍተት ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ነው። ይህን ያየ ሠራተኛ ብዙ ጊዜ ከሁለት ነገር አንዱን ያደርጋል። ወይም ክፍተቱን በብየዳ ብረት እየደራረበ፣ አንዳንዱም ቍራጭ ብረት እየሸጐጠ ይሞላዋል፤ ወይም ቧንቧውን በክሪክ እየገፋ በግድ ያገጥመዋል። በመጀመሪያው መንገድ የተከመረው ትኵስ ብረት ሲበርድ ይኰማተርና ቧንቧውን ወደ ራሱ ይስበዋል፤ ማዕዘኑም ዳግመኛ ይለወጣል፤ የተሸጐጠው ቍራጭም ውስጡ ሳይያያዝ በላዩ ብቻ ይሸፈናል። በሁለተኛው መንገድ ብረቱ በግድ እንደ ተወጠረ ይቀራል። በራጅ የሚመረምር ሰው የተሸጐጠውን ሊያገኘው ይችል ይሆናል፤ በክሪክ የተገፋውን ውጥረት ግን በፎቶግራፍ አያየውም።

እንዲህ ያለው መገጣጠሚያ ሥራ ፈትቶ የሚቀመጥ አይደለም። ውኃው 100 ሜትር ከፍታ ካለው ስፍራ የሚወርድ እንደ ሆነ በዚያው በ30 ዲግሪ መታጠፊያ ላይ 14 ቶን ያህል ክብደት ያለው ኃይል ሌሊትና ቀን ወደ ውጭ ይገፋል፤ በሲሚንቶ መደገፊያ የሚያዘውም ስለዚህ ነው። ስንጥቁ የሚገለጸው አፈሩ ከተመለሰ፣ መንገዱ ከተነጠፈ፣ ተቋራጩም ሒሳቡን ተቀብሎ ከሄደ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የሚጠማው ሰፈር፣ የሚወቀሰው ሹም፣ የሚከፍለውም የመንግሥት ገንዘብ ቤት ነው።

ከማዕዘኑ ሌላ ሁለት ጉዳዮች ይዘነጋሉ። አንደኛው የቧንቧው የራስጌ መስመር ነው። በውኃ ልክና በቱምቢ ተረጋግጦ በቧንቧው አናት ላይ ከዳር እስከ ዳር የሚሰመር አንድ ቀጥ ያለ መስመር ከሌለ፣ ረጅሙ ጎን በየት በኩል እንደሚውል የሚያሳይ ምልክት የለም። ይህ መስመር በ10 ሚሊሜትር ብቻ ቢዛነፍ፣ ቍርጡ እጅግ ያማረ ቢሆንም፣ 90 ዲግሪ ከታጠፈ በኋላ የሚቀጥለው የ6 ሜትር ቧንቧ ጫፍ ከቦታው 20 ሳንቲሜትር ያህል ይርቃል። ሁለተኛው የብረቱ ውፍረት ነው። ነበልባሉ ሁልጊዜ ወደ ቧንቧው እምብርት እያመለከተ ሲቈርጥ የውጭው ጠርዝ መስመሩን ይከተላል፤ የውስጡ ግን አይከተልም። ውፍረቱ 10 ሚሊሜትር፣ ቍርጡም 15 ዲግሪ ከሆነ በረጅሙና በአጭሩ ጎን ላይ 3 ሚሊሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ልዩነት ይመጣል። ረጅሙ ጎን በውስጥ በኩል ቀድሞ ይነካካል፤ አጭሩ ጎን ደግሞ በውጭ በኩል። ይህን የሚያውቅ ሠራተኛ ከመግጠሙ በፊት በሞረድ ያስተካክለዋል፤ የማያውቀው መስመሩን ይወቅሳል።

ተቋራጮች የሚያቀርቡት ምክንያት አለ፤ ሊሰማም ይገባዋል። የተዘጋጀ መታጠፊያ ከፋብሪካ ይገዛል፤ መስመር የማያስፈልገው ቈራጭ መኪናም አለ ይላሉ። ሁለቱም እውነት ነው። ነገር ግን ፋብሪካው የሚያዘጋጀው በአብዛኛው የ45ና የ90 ዲግሪ መታጠፊያ ሲሆን፣ ኮረብታው 17 ወይም 23 ዲግሪ የጠየቀ እንደ ሆነ የፋብሪካውም መታጠፊያ መቈረጥ አለበት፤ የተጠማዘዘን ነገር ማስመር ደግሞ ቀጥ ያለውን ከማስመር ይከብዳል። መኪናውም የታዘዘውን ማዕዘን ይቈርጣል እንጂ በቦዩ ውስጥ ያለው ማዕዘን በትክክል መለካቱን አይጠይቅም። በቦዩ ውስጥ በቸልታ የተለካ 17 ዲግሪ እውነተኛው 18 ቢሆን፣ መኪናው የተሳሳተውን ቍርጥ እጅግ አሳምሮ ያቀርበዋል።

ሌላው ምክንያት ጊዜ ነው። የበያጅ ደመወዝ በቀን በጨረሰው መገጣጠሚያ ቍጥር የሚታሰብ ከሆነ፣ ለማስመር የሚጠፋው ሰዓት ከእንጀራው ላይ የሚቀነስበት ይመስለዋል። በዚህ የሚወቀሰው ሠራተኛው ሳይሆን ሒሳቡን እንዲህ ያበጀው ሹም ነው። የማስመሩ ሥራ በውሉ ውስጥ ራሱን ችሎ ቢጻፍና ቢከፈልበት፣ እሳት ከመነካቱም በፊት ሌላ ሰው ነጥቦቹን ለክቶ ቢፈርም፣ የሚጨመረው ወጪ ዳግመኛ ቈፍሮ ከመጠገን ጋር አይወዳደርም። ከተቈረጠ በኋላም ፈተናው ቀላል ነው። በሞላላው አፍ ላይ ሁለት ክሮች አንዱ ካንዱ እንዲተላለፉ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ይወጠራሉ፤ ክሮቹ መካከል ላይ ሳይጫጫኑና ሳይራራቁ ከተነካኩ፣ በሌሎችም ነጥቦች ላይ ቢደገም እንዲሁ ከሆነ፣ ቍርጡ ሜዳ ነው። ይህን ፈተና ምህንድስና ያልተማረ ሹም እንኳ በራሱ ዓይን ሊያየው ይችላል።

በሙያ ትምህርት ቤቶችም በያጅ የሚሆነው ተማሪ ነበልባል ከመያዙ በፊት ዙሪያን መከፋፈልና መጠቅለያ መቅረጽ ቢማር፣ የሚያስፈልገው ወረቀት፣ መቀስ፣ ሜትርና ያረጀ ቧንቧ ብቻ ነው። የተሠራባቸው መጠቅለያዎችም ሥራው ሲያልቅ መጣል የለባቸውም። የመታጠፊያው ቍጥርና ቦታው ተጽፎባቸው በውኃ መሥሪያ ቤቱ ግምጃ ቤት ቢቀመጡ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ አንዱ መታጠፊያ ቢበላሽ፣ ተተኪው ውኃው ሳይዘጋ አስቀድሞ ሊቈረጥ ይችላል።