ሳይታዘዝ የሚደረግ የዓይነት ቅየራ፦ ሙግት

የፕሮግራም ቋንቋ ሙሉ ቁጥርን፣ ነጥብ ያለውን ቁጥር፣ ጽሑፍንና ቀንን በየዓይነታቸው ለይቶ ይይዛል። ሁለት ዓይነቶች በአንድ ስሌት ሲገናኙ ፕሮግራመሩ ሳያዝ አንዱ ወደ ሌላው ከተለወጠ አውቶማቲክ የዓይነት ቅየራ ተደረገ ይባላል።

ተቃዋሚው ጸሐፊ

የዚህ ቅየራ ክፋት ስህተቱ አለመታየቱ ነው። ጃቫስክሪፕት «5» የሚል ጽሑፍ ላይ 2 ሲደመር «52» ይሰጣል፤ 2 ሲቀነስ ግን 3። ፓይተን ጽሑፍንና ቁጥርን ደምር ሲባል እምቢ ብሎ ይቆማል፤ ደግ አደረገ።

ጉዳቱ በብቸናም በሞጣም በኤክሴል የሚያዝ መዝገብ ላይ ሊደርስ የሚችል ነው። በ09 የሚጀምር ስልክ እንደ ተራ ቁጥር ሲገባ ፊተኛው ዜሮ ይጠፋል። የቀኑ ይብሳል። አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ጥቅምት 28 ቀን 2016 ዓ.ም. የተሰጠ ብድር 28/02/2016፣ ኅዳር 2 ሲመለስ ደግሞ 02/03/2016 ተብሎ ተመዘገበ እንበል። ቀንን ከወር በሚያስቀድም ኮምፒውተር ላይ ኤክሴል ሁለቱን ፌብሩዋሪና ማርች አድርጎ ይወስዳቸዋል። በእኛ አቆጣጠር በመካከላቸው 4 ቀን አለ። በፈረንጆቹ 2016 ፌብሩዋሪ 29 ቀን ስለነበረው ኤክሴል ሲያቀናንሳቸው 3 ይላል። ጥቅምት 30 ቢመዘገብ ደግሞ ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለው ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል፤ ዓምዱ በቀን ሲደረደርም ከሁሉም ግርጌ ይወርዳል። ወለዱ በቀን የሚታሰብ ከሆነ የሰው ገንዘብ ተዛባ ማለት ነው፤ ማስጠንቀቂያ ግን አልነበረም።

በሽታው የእኛ ብቻ አይደለም። የሰውን ዘረ መል ስም የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ኤክሴል ቀን እያደረገ ያስቸገራቸውን ስሞች እስከ መለወጥ ደርሷል፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ ሆነ።

ደጋፊው ጸሐፊ

የኤክሴል ጥፋት የግምት ጥፋት ነው። 28/02/2016 ምን እንደሆነ ሳይነገረው ትርጉሙን ከራሱ አመጣ። የቋንቋ ቅየራ ግን ዓይነታቸው አስቀድሞ የታወቁ ዋጋዎችን ያስማማል። 3 ኩንታል ጤፍ ሳንቲም ባለው ዋጋ ሲባዛ 3 ወደ 3.0 ይለወጣል፤ የሚጠፋ ነገር የለም። ይህንን በየመስመሩ ጻፍ የተባለ ፕሮግራመር ሳያስብ መጻፍ ይለምዳል፤ አደገኛውንም በዚያው እጁ ይጽፈዋል።

አሪያን 5 የተባለችው ሮኬት እ.ኤ.አ. ጁን 4 ቀን 1996 ከተነሣች በአንድ ደቂቃ ውስጥ ፈነዳች፤ ባለ 64 ቢት ነጥብ ያለው ቁጥር በ16 ቢት ሙሉ ቁጥር ውስጥ አልበቃ ብሎ። ኮዱ የተጻፈው ኤዳ በተባለ የፕሮግራም ቋንቋ ነበር፤ ኤዳ ደግሞ እንዲህ ያለውን ቅየራ ሳይታዘዝ አያደርግም። ቅየራው በግልጽ ተጽፎ ነበር፤ መጻፉ አላዳናትም።

መለኪያውን የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪው ጆን ሬይኖልድስ እ.ኤ.አ. በ1980 አስቀምጦታል፦ ሁለት ቁጥሮች ተደምረው ቢቀየሩም ተቀይረው ቢደመሩም ውጤቱ አንድ ይሁን። የጃቫስክሪፕት «52» በዚህ መለኪያ ይወድቃል፤ 2 እና 3 ተደምረው ጽሑፍ ሲሆኑ «5»፣ ጽሑፍ ሆነው ሲደመሩ «23» ነውና። ጃቫ 16,777,217ን ሳይጠየቅ ፍሎት ወደሚባለው ነጥብ ያለው የቁጥር ዓይነት ቀይሮ 16,777,216 ማድረጉም መከልከል ነበረበት። የሚከለከለው ግን ይህን መለኪያ ያላለፈው ብቻ ነው።

ተቃዋሚው በመልሱ

ጃቫን የሠሩት ባለሙያዎች ናቸው፤ መለኪያው ከወጣ ከ15 ዓመት በኋላም ያንን ቅየራ ፈቀዱ። ባለሙያ የሳተውን የመዝገብ ሠራተኛ ይለየው ማለት ግፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ የሆነው ጎ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተሻለ መንገድ ይዟል፦ ባለ 32 ቢት ሙሉ ቁጥርን ከባለ 64 ቢቱ ጋር እንኳ ሳይታዘዝ አይደምርም። በኮዱ ውስጥ በቀጥታ የተጻፈ፣ ዓይነት ያልተሰጠው 3 ግን እንደ ቦታው ሙሉም ነጥብ ያለውም ይሆናል፤ ካልገጠመ ኮምፓይለሩ ፕሮግራሙ ከመነሣቱ በፊት ይመልሰዋል።