ማን አንብቦት?

ሰሞኑን በአንድ ስብሰባ ላይ የአንድ ቴሌቪዥን ጣቢያ ኃላፊ (ስማቸው ይቆየን) በራቸው ለማንኛውም ደራሲ ክፍት እንደሆነ፣ ነገር ግን ለድራማም ሆነ ለኮሜዲ የሚሆን ጥሩ ጽሑፍ እንደማይመጣላቸው ተናገሩ። አዳራሹ አጨበጨበ። ደራስያኑም አብረው አጨበጨቡ። እያንዳንዱ የተወቀሰው አጠገቡ የተቀመጠው እንጂ እሱ አልመሰለውም መሰለኝ።

አሁን ወደምኖርባት፣ በጅማ መንገድ ላይ ወዳለችው ተፍኪ ስመለስ፣ ሚኒባሱ ዓለም ገና ላይ በመኪና መዓት ተይዞ ሲቆም፣ ነገሩን ሳብሰለስል ቆየሁ። እንዲህ ዓይነት በር ውስጥ ተቀምጬ አውቃለሁና። በሌላ ጣቢያ የድራማ ክፍል ረዳት ነበርኩ። የመጣውን ፖስታ መዝገብ ላይ አሰፍራለሁ፤ ሲኖፕሲሱ፣ የገጸ ባሕርያቱ ዝርዝርና የሦስት ክፍል ሙሉ ጽሑፍ መሟላታቸውን አያለሁ፤ ለገምጋሚዎች ኮፒ አደርጋለሁ፤ ስልክ አነሳለሁ። «ገና ግምገማ ላይ ነው» የሚለውን መልስ በቀን ስንት ጊዜ እንደሰጠሁ ፈጣሪ ይቁጠረው።

«ጥሩ ጽሑፍ አይመጣም» ለማለት እኮ መጀመሪያ የመጣውን ያነበበ ሰው መኖር አለበት። ማነው ያነበበው? በእኛ ክፍል ገምጋሚዎቹ ሦስት ነበሩ፤ ሦስቱም ሌላ ሥራ ያላቸው፣ ሲመቻቸው የሚሰበሰቡ። ሳይመቻቸው ወራት ያልፋሉ። በመሐሉ ደራሲው ይደውላል፣ ከዚያ ይመጣል፣ ከዚያ መደወሉንም መምጣቱንም ይተዋል። የሚያነብ ቢኖር በምሳ ሰዓት እኔ ነበርኩ፤ እኔም ምን እየፈለግሁ እንደማነብ የነገረኝ የለም። ግማሽ ሰዓት ነው አንድ ሰዓት? ቤተሰብ ተሰብስቦ የሚያየው ነው ወይስ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ የሚተላለፍ? ስንት ቦታ ይቀረጽ፣ ስንት ተዋናይ ይኑረው? ይህን የሚገልጽ አንድ ገጽ ወረቀት ከጣቢያው ወጥቶ አያውቅም። ልኩን ሳይሰጥ ልብስ ሰፊውን «አልሆነኝም» ብሎ የሚቆጣ ደንበኛ እንዴት ያለ ሰው ነው?

አንድ ነገር ግን በግልጽ ታዝዤ ነበር፦ የስፖንሰር ደብዳቤ መኖሩን እንዳይ። ደብዳቤ ያለው ፖስታ ከላይ ይቀመጣል፣ የሌለው ከሥር።

እዚህ ላይ የኃላፊው ንግግር ትርጉሙ ይገለጥልኛል። በእኛ አገር ጣቢያ አብዛኛውን ጊዜ ድራማ አያዝም፤ የአየር ሰዓት ይሸጣል፣ ወይም የማስታወቂያ ገቢ ይካፈላል። ስፖንሰር ፈልጎ፣ ቀርጾ፣ አቀናብሮ የሚመጣው ፕሮዲዩሰሩ ነው። ስለዚህ «ጥሩ ጽሑፍ የለም» ሲሉን «ከነገንዘቡ የመጣ ጽሑፍ የለም» ማለታቸው ነው። እንዲህ ቢሉ ቅር አይለኝም ነበር፤ እውነት ነዋ። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያስወጣ ከዋነኞቹ የገንዘብ ምንጮች አንዱ ደረቀ። ሕጉን አልቃወምም። (ሜታ ቢራ ፋብሪካ ያለው እዚሁ ጎረቤታችን ሰበታ ስለሆነ ገለልተኛነቴን የሚጠራጠር አይጠፋም።) ግን የገንዘብ እጦትን በደራሲ ማላከክ ሌላ ነገር ነው።

ደራሲ አልነበረም እንዳይባል እንደ «ገመና»፣ «ሰው ለሰው»፣ «ቤቶች» እና «እረኛዬ» ያሉ የቴሌቪዥን ድራማዎችን ተመልካቹ በቁምነገር ተከታትሏል። በፋና ቴሌቪዥን የአገሩን ፖለቲካ አንድ ካፌ ውስጥ ሰብስቦ ያሳቀን «ምን ልታዘዝ» የተባለው ድራማ ሲቋረጥም ምክንያቱ የጽሑፍ እጥረት ነው ያለ ሰው አልሰማሁም። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የውጭ ድራማ በአማርኛ ይዞ ብቅ ሲል ስንት ጮኽን! እዚያ ግን ዓረፍተ ነገሩን ከተዋናዩ አፍ ጋር የሚያስማማ ተርጓሚ፣ አራሚና አንባቢ ደመወዝ ተቆርጦለት ተቀምጧል። የሰው አገር ጽሑፍ ደመወዝተኛ አንባቢ ሲያገኝ የእኛው በምሳ ሰዓት ይነበባል።

ከደራሲ ጀርባ ሠራተኛ ማቆም እኛ ዘንድ ተሞክሮ የማያውቅ ነገርም አይደለም። ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር የተባለው ድርጅት ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. ያስተላለፈው «የቀን ቅኝት» የተሰኘ የሬዲዮ ድራማ 257 ክፍል የሄደው ከደራስያኑ ጀርባ ሠራተኛ ስለነበረ ነው። ቀድሞ ጥናት ተደረገ፣ ጸሐፊዎቹ ሠለጠኑ፣ ክፍሎቹ ለአድማጭ ተሞከሩ፣ በሺዎች የሚቆጠር ደብዳቤ ተነበበ። እርግጥ ገንዘቡ የእርዳታ ነበር፣ መልእክቱም የቤተሰብ ምጣኔና ኤች አይ ቪ። ቢቢሲም ወኪል ከሌለው ጸሐፊ ጽሑፍ የሚቀበልበት የታወቀ ወቅት አለው። ይህን ያህል ሀብት የለንም ይባል፤ የመዝገብ ደብተሩን የያዘውን ረዳት «አንብብና በሁለት ወር ውስጥ መልስ ስጥ» ለማለት ግን የእንግሊዝ ካዝና አያስፈልግም።

ይህን ሁሉ ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ አንድ ፖስታ ትዝ አለኝ። ኮሜዲ ነበር። ቦታው በጅማ መንገድ ላይ ያለች፣ ክረምት ሲገባ ሜዳዋ ሐይቅ የሚሆን ትንሽ ከተማ። ሰዎቹ በኦሮምኛ ሰላምታ ጀምረው በአማርኛ ይከራከራሉ፣ ዋጋ ላይ ሲደርሱ ሁለቱንም ያደባልቃሉ። ሽፋኑ ላይ በእርሳስ «ቋንቋው ይደባለቃል» ብዬ ጽፌ ከሥር አስቀመጥኩት። የስፖንሰር ደብዳቤ አልነበረውም። ያኔ ተፍኪን ከመኪና መስኮት እንጂ አላውቃትም ነበር፤ አሁን ገበያ በወጣሁ ቁጥር ያን የተደባለቀ ንግግር እሰማለሁ።

ጥሩ ጽሑፍ ነበር? ኃላፊውን ለመርታት ስል «አዎ፣ ነበር» ብል ደስ ይለኝ ነበር። ከአሥራ ሁለተኛው ገጽ ግን አላለፍኩም።