የታሸገ ምግብና የበዓል ማዕዳችን

 ሃምሳ አምስቱ የዓቢይ ጾም ዕለታት ተፈጽመው፣ ሰሙነ ሕማማትም በስግደትና በጸሎት ታልፎ፣ ዛሬ የክርስቲያን ቤት ሁሉ ማዕዱን ዘርግቷል። በዚህ ዕለት ስለ ምግብ መናገር ደስታን ለማደብዘዝ የታሰበ እንዳይመስል እሰጋለሁ። ይሁን እንጂ በዓመቱ ውስጥ ምን እንበላለን፣ ለምንስ እንበላለን ብሎ የሚጠይቅ ቤተሰብ ካለ፣ ከጾም ወጥቶ ወደ ፍስክ የሚሻገረው የኦርቶዶክስ ቤተሰብ ነውና፣ ጥያቄው በዛሬው ዕለት መነሣቱ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። ጥያቄውም ይህ ነው፦ በፋብሪካ ተቀነባብሮ፣ ታሽጎ የሚመጣው ምግብ ጤናማ በሆነና አቅማችን በሚፈቅደው ማዕድ ላይ ቦታ አለውን?

በአርሲ ደጋ፣ በሽርካ ወረዳ የምትገኘውን የጎበሳን ከተማ ለአብነት እናንሣ። በገበያ ቀን በአንድ በኩል ስንዴው፣ ገብሱ፣ ባቄላው፣ አተሩና ተልባው በየማዳበሪያው ተሞልቶ ይቀርባል። በሌላ በኩል በየሱቁ መደርደሪያ ላይ ማካሮኒው፣ የቲማቲም ድልሁ፣ ብስኩቱ፣ ለስላሳ መጠጡና በጀሪካን የተሞላው ዘይት ተደርድሮ ይታያል። ሁለቱም የሚገዙት በአንዲት እናት እጅ፣ ከአንድ ቦርሳ በወጣ ገንዘብ ነው። በጾሙ ወራት ደግሞ በእነዚህ ሱቆች ደጃፍ ደጋግሞ የሚሰማ አንድ አነጋገር አለ። «ልጄ፣ ይህ ብስኩት የጾም ነው?» «የጾም ነው እትዬ፤ ወተት የለበትም።»

ይህች አጭር ምልልስ ከምትመስለው በላይ ትልቅ ነገር ይዛለች። እኛ የምንጾም ሰዎች፣ የሥነ ምግብ ሊቃውንት ሳይነግሩን፣ የታሸገን ምግብ በውስጡ ምን አለ ብለን መጠየቅን ከለመድን ቆይተናል። የወተት ዱቄት፣ ቅቤ ወይም እንቁላል ገብቶበት እንደሆነ ሳናረጋግጥ አንገዛም። እንግዲህ አስተያየቴ በአጭሩ ይህ ነው፦ ወተት አለበትን ብለን የምንጠይቅበትን ጥንቃቄ፣ ስኳሩ ምን ያህል ነው፣ ጨውስ፣ ዘይቱስ ከምን የተሠራ ነው ወደሚለው ብናሻግረው፣ ከታሸገ ምግብ የሚጠቅመውን ከሚጎዳው ለመለየት አይሳነንም።

አንዳንድ ሰዎች የፋብሪካ ምግብ ሁሉ ከቤታችን ይውጣ፣ አያቶቻችን በበሶና በቆሎ ኖረዋል ይላሉ። አባባሉ ለጆሮ ደስ ይላል፤ ሲመረመር ግን ሙሉ እውነት አይደለም። አስቀድሞ ነገር፣ ማቀነባበር የፋብሪካ ፈጠራ አይደለም። ገብሱን ቆልቶና ፈጭቶ በሶ ማድረግ፣ አተሩን ከቅመም ጋር አዋሕዶ ሽሮ ማሰናዳት፣ ሊጡን አቡክቶ ማብላላት፣ ብቅል ማብቀል ሁሉ ማቀነባበር ነው። እንዲያውም መብላላቱና መብቀሉ በእህሉ ውስጥ ያለውን ብረትና ዚንክ አስሮ የሚይዘውን ንጥረ ነገር ስለሚቀንሰው፣ ሰውነታችን ከእንጀራው የበለጠ እንዲጠቀም ያደርገዋል። በአሰላ የሚገኘው የብቅል ፋብሪካም ቢሆን ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በሰፊው የሚሠራው፣ እናቶቻችን ለጠላ በጓዳቸው ሲሠሩት የኖሩትን ነው።

ሁለተኛም፣ ያ የምንናፍቀው ዘመን የራሱ መከራ ነበረበት። በደጋው አገር የአዮዲን እጥረት የሚያመጣው እንቅርት በብዙ እናቶች አንገት ላይ ይታይ ነበር። ለዚህ መፍትሔ የሆነው በፋብሪካ አዮዲን የተጨመረበት ጨው ሲሆን፣ በ2003 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብም ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲኖረው አስገዳጅ አድርጓል። ለሕፃናት የሚዘጋጀውን ፋፋንም እናስታውስ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በስዊድን ድጋፍ በተጀመረው የሕፃናት ሥነ ምግብ ሥራ ተገኝቶ፣ እህልን ከጥራጥሬና ከቪታሚን ጋር አዋሕዶ ለብዙ ሕፃናት የደረሰ የፋብሪካ ምግብ ነው፤ ስሙም ከምኞቱ የመነጨ ነው። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በፋብሪካ የሚመረት የስንዴ ዱቄትና የምግብ ዘይት በቪታሚንና በማዕድን እንዲበለጽግ የሚያስገድድ ደረጃ ወጥቷል። በዱቄቱ ውስጥ የሚጨመረው ፎሊክ አሲድ ሕፃናት ከነርቭ ዘንግ ጉድለት ጋር እንዳይወለዱ የሚረዳ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ፣ እህሉን በድንጋይ ወፍጮ ስትፈጭ ታነጋ የነበረችው እናት ናት። ሁሉም ነገር ወደ ጓዳ ይመለስ ማለት፣ ድካሙም ወደ እርሷ ጫንቃ ይመለስ ማለት መሆኑን ልንዘነጋው አይገባም።

ስለዚህ ጥያቄው ፋብሪካ ነክቶታል ወይስ አልነካውም የሚለው ሊሆን አይገባም። በብራዚል የሳኦ ፓውሎ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ምግብን በአሠራሩ በአራት ከፍለው ማየት ከጀመሩ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። እነርሱም እንዳለ የሚበላው ወይም በጥቂቱ የተሰናዳው፣ ለማብሰያ የሚያገለግለው ዘይት፣ ጨውና ስኳር፣ እንደ ዳቦና አይብ ያለው ቀለል ባለ ዘዴ የተሠራው፣ በመጨረሻም ከስኳር፣ ከዘይት፣ ከስታርችና ከልዩ ልዩ ማጣፈጫና ማቅለሚያ ተገጣጥሞ የሚሠራው ናቸው። ጥንቃቄ የሚሻው በተለይ ይህ የመጨረሻው ነው። በዚህ መለኪያ ካየነው፣ ከስንዴና ከውኃ የተሠራው ፓስታ ጠላታችን አይደለም። አርሲ በ1960 ዓ.ም. ገደማ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ከተቋቋመ ወዲህ በተሻሻለ የስንዴ ዘር የታወቀ አገር ነው፤ ከስንዴ የተሠራ ፓስታ ከምስር ወጥና ከጎመን ጋር ሲቀርብ ለጾም የሚበቃ ደኅና ገበታ ነው። የቲማቲም ድልህም፣ ጨውና ስኳር ካልበዛበት፣ ቲማቲም በማይገኝበት ወቅት ይረዳል።

እንግዲህ የሚጎዱንን እንመልከት። በመጀመሪያ ለስላሳ መጠጥ አለ። በአብዛኛው በየ100 ሚሊ ሊትሩ ወደ 10 ግራም ስኳር ይይዛል፤ ስለዚህ በ300 ሚሊ ሊትሩ ጠርሙስ ውስጥ 30 ግራም ገደማ፣ ማለትም ስድስት የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር አለ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚወስደው የተጨመረ ስኳር ከ50 ግራም ያነሰ እንዲሆን ይመክራል። በአንድ ጠርሙስ ከግማሽ በላይ አለቀ ማለት ነው። ሻዩ ገና አልተቆጠረም።

ቀጥሎ ዘይት ነው። በጀሪካን የሚሸጠው የፓልም ዘይት በጎበሳ ብርድ ሌሊቱን ረግቶ ሲያድር ያላየ የለም። የኑግ ዘይት ግን አይረጋም። ይህ ያለ ቤተ ሙከራ በዐይን የሚታይ ምልክት ነው፤ ከፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የልብን የደም ሥር የሚጎዳው የሚረጋ ስብ ነውና። እርግጥ ነው፣ የኑግ ዘይት ዋጋ ለብዙ ቤት አይቀመስም። ስለዚህ ምክሬ መለወጥ ያልቻለ ይቀንስ የሚል ነው። ቅቤያችንም ቢሆን የሚረጋ ስብ መሆኑን በሐቀኝነት እንቀበል። በዛሬው ዕለት ዶሮ ወጡ ላይ ንጥር ቅቤ ሲገባ፣ ሽንኩርቱ የሚቁላላበትን ዘይት መቀነስ ጣዕሙን አይጎዳውም።

ሦስተኛው ጨው ነው። በዚህ ላይ ግን ጣታችንን ወደ ፋብሪካ ብቻ ብንቀስር ራሳችንን እንዋሻለን። በ2007 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው ጥናት አንድ አዋቂ በአማካይ በቀን ከ8 ግራም በላይ ጨው እንደሚወስድ አሳይቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ግን ከ5 ግራም ያነሰ፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ የማይበልጥ ነው። አብዛኛው ሕዝብ በቤቱ የበሰለውን በሚመገብበት አገር፣ ይህ ትርፍ የሚመጣው በይበልጥ ከራሳችን ድስት፣ ከበርበሬያችንና ከሚጥሚጣችን ነው። በዚህ ላይ ክብደቷ ግማሽ ያህሉ ጨው የሆነች የወጥ ማጣፈጫ ኪዩብ ስትጨመርበት የደም ግፊት ላለበት ሰው ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ኪዩቧን የምትጠቀም እናት ቢያንስ ለየብቻ የምትጨምረውን ጨው ትተው።

ከሁሉ በላይ ልቤን የሚነካው ግን የጥየቃ ልማዳችን ነው። በበዓል ወደ አያቶቻችን ቤት ስንሄድ፣ የታመመም ስንጠይቅ፣ ፍቅራችንን የምንገልጸው በካርቶን ብስኩትና በጣፋጭ ጭማቂ ሆኗል። የስኳር ሕመም ያለባቸው አዛውንት የመጣላቸውን ጠርሙስ መመለስን እንደ ነውር ቆጥረው፣ ስለ ልጆቻቸው ክብር ሲሉ ይጠጡታል። እናከብራቸዋለን ብለን እንጎዳቸዋለን። በዚያው ገበያ ተልባው፣ ባቄላው፣ ብርቱካኑና ማሩ ሞልቶ ሳለ፣ ስጦታ ማለት የታሸገ ነገር ብቻ ነው ያለን ማን ነው? ለስኳር ሕመምተኛ ማሩም ቢሆን አይመከርም፤ የተቆላ ባቄላ ወይም አንድ ኪሎ የገብስ ቅንጬ ግን ለማንም ክብር አያንስም።

«የጾም ነው» የሚለው ቃልም ሊያታልለን አይገባም። ከረሜላም፣ ለስላሳ መጠጥም፣ በዘይት የተጠበሰ ቺፕስም የጾም ናቸው። ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ስለ ጾም ሲደነግግ፣ አባቶችም ሲያስተምሩ፣ ጾም ሥጋን ለነፍስ ማስገዛት መሆኑን እንጂ የምግብ ዓይነት መቀያየር ብቻ መሆኑን አልነገሩንም። ነቢዩ ዳንኤልና ሦስቱ ወጣቶች በባቢሎን የንጉሡን ማዕድ ትተው ጥራጥሬና ውኃ መምረጣቸውን በየዓመቱ እንሰማለን። ቅቤውን ትቶ በስኳር የሚካካስ ሰው ግን ማዕዱን ለወጠ እንጂ ምኞቱን አልገታም። ጾምን እንደ ሕክምና ልንቆጥረው አይገባም፤ ነገር ግን በጾም የለመድነው መጠን ማወቅ ለሥጋችንም ረድኤት መሆኑ አይካድም።

ታዲያ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ፣ ማሸጊያውን እናንብብ። በይዘት ዝርዝሩ ላይ መጀመሪያ የሚጻፈው በብዛት ያለው ነው፤ ስኳር ወይም ዘይት ከፊት ከተሰለፈ፣ ያ ምግብ የየዕለት ሊሆን አይገባውም። ማንበብ ለማይችሉ አያቶች ፊደል የቆጠሩ የልጅ ልጆች ያንብቡላቸው፤ ሰንበት ትምህርት ቤቶችም ይህን አንድ ቀን ቢያስተምሩ ከአገልግሎታቸው የራቀ አይሆንም። ሁለተኛ፣ የታሸገው ምግብ የጎደለውን ይሙላ እንጂ የነበረውን አይተካ። ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ በቆሎው ምትክ ብስኩት ከያዘ ተተክቷል፤ ሽሮው አዮዲን ባለው ጨው ከተሠራ ግን ተሟልቷል። ሦስተኛ፣ ለበዓል የተፈቀደው በበዓል ይቅር። ማር ሲበዛ ይመራል እንዲሉ፣ ለስላሳው በፋሲካ ቢቀርብ በዘወትሩ ማዕድ ግን ቦታው የውኃ ነው።

አምራቾችም ድርሻ አላቸው። የይዘቱ ዝርዝር ገዢው በሚያውቀው ቋንቋ፣ ሽማግሌ ዐይን በሚያየው ፊደል ይጻፍ፤ ጥያቄያችንን በጽሑፍ ይመልሱልን። የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በ2014 ዓ.ም. ያወጣው የአመጋገብ መመሪያም ምግብን ማሰባጠርን፣ ጨው፣ ስኳርና ስብን መቀነስን የሚመክር ነውና፣ ከጤና ጣቢያ ግድግዳ አልፎ ወደ ገበያውና ወደ ደጀ ሰላሙ ሊደርስ ይገባዋል።

በዛሬው ዕለት ብዙዎቻችን የምንፈስከው፣ እናቶቻችን እንዳስተማሩን፣ ሆድን በምታለሰልሰው ተልባ ነው። ሃምሳ አምስት ቀን የቆየ ሆድ በድንገት በስብ እንዳይጨነቅ ያሰቡት እናቶች የሥነ ምግብ ትምህርት ቤት አልገቡም፤ ነገር ግን መጠንንና ተራን ያውቁ ነበር። ያ ዕውቀት ከእጃችን አልወጣም። ጎበሳ ሱቅ ደጃፍ የቆመችው እናት በሚቀጥለው ጊዜ «ይህ የጾም ነው?» ካለች በኋላ «ስኳሩስ ምን ያህል ነው?» ብላ ብትጨምር፣ ባለሱቁም ማሸጊያውን አገላብጦ ቢያነብላት፣ የብዙ ቤት ጤና ከዚያች ጥያቄ ይጀምራል።

መልካም የትንሣኤ በዓል ይሁንላችሁ።