ለታሪክ ዶክተርነት ግዕዝ ይቅደም
በታሪክ ትምህርት የዶክተርነት ማዕርግ የሚሹ ወጣቶቻችንን ቀድሞ ያስቸግራቸው የነበረው የምንጩ ርቀት ነው። ዛሬ ግን ችግሩ ሌላ ሆኗል እንላለን።

ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት በ1968 እ.ኤ.አ. በለንደን ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ያቀረቡትን የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ታሪክ የጻፉት የግዕዝ ገድላትንና ዜና መዋዕሎችን ራሳቸው አንብበው ነው። ከ1973 ጀምሮ በፊልም የተነሡት በሺህ የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍታችን ቅጂያቸው በአሜሪካ ሚኔሶታ ይጠበቃል፤ ብዙዎቹም ዛሬ በኢንተርኔት ይታያሉ። መጽሐፉ ደጃችን ደርሷል፤ አንባቢው ግን ጥቂት ነው።

የመካከለኛውን ዘመን የሚመረምር ተማሪ ግዕዝ ካላወቀ፥ ተርጓሚው የሳተውን አብሮ ይስታል። ቋንቋውን በጥናቱ ዘመን ልጀምር ቢልም ጊዜው አይበቃውም። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ግዕዝን ለታሪክ ተማሪ ከመጀመሪያው ዲግሪ አንሥተው ቢያስተምሩ፥ የቅኔ ቤት መምህራንንም በክብር ቢጋብዙ፥ ማዕርጉ ከስም ጌጥነት አልፎ ለአገር ዕውቀት ይጨምራል።