«ተበላሽቷል» ከማለታችን በፊት

በየትምህርት ቤቱ መጋዘን አቧራ የጠገቡ ኮምፒዩተሮች አሉ። «ምን ሆኑ?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ አንድ ነው፤ «ተበላሽተዋል!» ይባላል። ይሁን እንጂ ከእነዚህ መካከል አካላቸው ደኅና ሆኖ ዊንዶውሳቸው ብቻ የተቃወሰ ጥቂት አይደሉም። የእነዚህ መድኃኒት አንዲት ፍላሽ ናት። ስለዚህ ማንኛውም ሠልጣኝ ከዚህ ተቋም ከመውጣቱ በፊት ዊንዶውስ 7 የሚጭን ፍላሽ በገዛ እጁ ማዘጋጀት መቻል አለበት እላለሁ።

«ይህማ የቴክኒሻን ሥራ ነው» የሚሉ አይጠፉም። እሺ፣ ይሁን! ታዲያ ገጠር ስንመደብ ቴክኒሻኑን ከየት ልናመጣው ነው?

ደግሞስ ምኑ ያስፈራል? የሚያስፈልገው ቢያንስ 4 ጊጋባይት የሚይዝ ፍላሽ፣ የዊንዶውሱ አይኤስኦ ፋይልና ሩፉስ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ነው። ለአሮጌ ኮምፒዩተር ኤምቢአር የሚለው ይመረጣል፤ ጂፒቲ ከተባለ አሮጌው ባዮስ ከፍላሹ አይነሳም። በፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ አስቀድሞ ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ ነው። በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለ የተማሪዎች ውጤትም እንዲሁ ሳይገለበጥ መጫን አይጀመርም። የፈቃዱ ቁጥር ብዙ ጊዜ በኮምፒዩተሩ አካል ላይ ተለጥፎ ይገኛል።

አንድ ነገር ልብ እንበል። የዊንዶውስ 7 መጫኛ ዩኤስቢ 3.0ን አያውቅም። ስለዚህ ፍላሹም፣ ኪቦርዱም፣ ማውሱም ከሰማያዊው ሳይሆን ከጥቁሩ ቀዳዳ ላይ ይሰኩ። ይህን ያላወቀ ሰው «ድራይቨር የለም» የሚል ጽሑፍ ሲመጣበት ደኅናውን ኮምፒዩተር መጋዘን ይከተዋል።

«ጊዜው ያለፈበትን ለምን እንማራለን?» የሚልም ይኖራል። እርግጥ ነው፣ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 14 ቀን 2020 አቁሟል፤ ስለዚህ ከኢንተርኔት ጋር ማገናኘት አይገባም። ግን ፈተና ለመተየብና ውጤት ለመደመር ምን አነሰው? ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም ሲጠይቅ፣ ባለ 32 ቢቱ ዊንዶውስ 7 በ1 ጊጋባይት ይሠራል። ኢንተርኔት የግድ ከሆነም በዚያው ዘዴ ቀለል ያለ ሊኑክስ መጫን ይቻላል። ሙያው አንድ ነው።

አበው «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብለዋል። መምህሮቻችን የአንድ ከሰዓት የተግባር ልምምድ ይፍቀዱልን፤ እኛም ፍላሾቻችንን ይዘን እንቅረብ!

ከሠልጣኞች አንዱ