ከአፈሩ በፊት ፕላስቲኩ ይታይ

በዲላና በይርጋጨፌ አካባቢ የተተከለ የቡና ችግኝ ሲቀጭጭ መጀመሪያ የሚወቀሰው አፈሩ ወይም ዝርያው ነው። እኔ ግን እስቲ ችግኙ ያደገበትን ፕላስቲክ እንይ እላለሁ። ዋናው ሥር የፕላስቲኩን ታች ሲነካ መሄጃ ያጣና ይታጠፋል። ከተተከለ በኋላም እጥፋቱ በቀላሉ አይቃናም፤ በጋ ሲመጣ ከጥልቅ ውኃ መሳብ ይቸግረዋል። በ2012 እ.ኤ.አ. ሄንድሪክ ፖርተርና ባልደረቦቹ 65 ጥናቶችን አገናዝበው፣ የማሳደጊያው ዕቃ መጠን እጥፍ ሲሆን የተክሉ ክብደት በአማካይ 43 በመቶ እንደሚጨምር አሳይተዋል።

ታዲያ ትልቅ ፕላስቲክ እንጠቀም? አባባሉ ቀላል ነው። በጌዴኦ ዳገት ላይ አፈር የሞላ ፕላስቲክ የሚሸከመው ግን ገበሬው ነው፣ እኛ አይደለንም! ስለዚህ የኔ ሐሳብ ሌላ ነው። የመትከያው ክረምት ያለፈበት ችግኝ እዚያው ፕላስቲክ ውስጥ ለከርሞ አይቆይ። ሲተከልም የፕላስቲኩ ታች ከታጠፈው የሥር ጫፍ ጋር ይቆረጥ፣ የቀረውም ፕላስቲክ ይውለቅ። ችግኝ ጣቢያም ባከፋፈለው ብዛት ብቻ አይመስገን፤ ከየመደቡ ጥቂት ችግኞች ተቀደው ሥራቸው ይታይ።